ዳንቴል የለበሰው እሳት ማጥፊያ

ናርዶስ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጸየፍ ሰው ናት። ሰው አፉን ባሳረፈበት ብርጭቆ ውኃ አትጠጣም፤ ጉርሻ ሲሰጧት ትንፋሿን ይዛ ትውጠዋለች እንጂ ጣዕሙን አታውቀውም፤ የአክስቷ ልጆች «ናርዶስ እጇን ከመታጠቧ በፊት ሳሙናውን ታጥበዋለች» እያሉ ይስቁባት ነበር። እንዲህ ያለችውን ሰው ነው እንግዲህ ዕጣ ፈንታዋ ሲያትል ድረስ አምጥቶ፣ ከሥራ ሁሉ መርጦ፣ በየሰዉ ማድቤት እየዞረች እሳት ማጥፊያ እንድትመረምር ያደረጋት። እሳት ማጥፊያ ደግሞ የሚሰቀለው ማንም በማይወለውለው ጥግ ነው፤ የሆቴል ምድር ቤት፣ የጋራዥ ጓዳ፣ የምግብ ቤት መጥበሻ ጀርባ፣ የስንት ዓመት የዘይት ጭስ ግድግዳው ላይ ረግቶ በሚያጣብቅበት ቦታ። ሁለት ጓንት ደርባ ትሠራለች፤ ሁለቱንም አውልቃ ስትጥል ግን እጇ ያው ይሸታታል።

ሥራዋን ግን ታውቀዋለች፤ በዚህ ማንም አያማትም። የቱ ማጥፊያ ለየቱ እሳት እንደሚሆን ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት ሳታዛጋ ትመልሳለች። ለወረቀትና ለእንጨት፣ ለቤንዚንና ለኤሌክትሪክ ዱቄት ያለበት ቀዩ ይሆናል፤ ለመኖሪያ ቤትም እሱ ይበቃል። ሳምቡሳና ዶሮ በሚጠበስበት የንግድ ማድቤት ግን አይበቃም። ብዙ ዘይት ሲቀጣጠል ዱቄቱ ነበልባሉን ለጊዜው ቢገድለውም ዘይቱ እንደ ጋለ ነውና ተመልሶ ይነሣል፤ ውኃ የደፉበት እንደሆነማ ፈንድቶ ጣሪያ ይነካል። ለዚያ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ብርማ ሲሊንደር፣ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት፣ ዘይቱ ላይ ሲያርፍ እንደ ሳሙና አረፋ ሆኖ የሚሸፍነውና የሚያቀዘቅዘው። በሙያው «ኬ» ይሉታል። ይህን ስታስረዳ ሰው ሁሉ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ነቅንቆ ሲያበቃም ሄዶ ቀዩን ይገዛል።

እማማ ባየሽ ሰኞ ዕለት ደውለው፣ ማድቤታቸውን የሚያዩት የከተማው ሰዎች ሐሙስ እንደሚመጡና ያቺን ካርዷን መጥታ እንድታንጠለጥልላቸው ሲነግሯት ግን ለማስረዳት እንኳ አላሰበችም። ለእማማ ባየሽ እምቢ የሚል አንደበት የላትም። ከስምንት ዓመት በፊት የዲቪ ዕድል ደርሷት ስትመጣ እቀበልሻለሁ ያላት ዘመድ ስልኩን ዘግቶ ኤርፖርት ላይ አስቀርቷት ነበር። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስታነባ፣ መጥረጊያ የያዙ አንዲት ሴትዮ መጥተው ዓይን ዓይኗን አይዋትና ተነሺ አሏት። ቤዝመንታቸው ውስጥ ዓመት ከመንፈቅ አኖሯት፤ ምን በላሽ፣ ምን ከፈልሽ ብለዋት አያውቁም። ያኔ ኤርፖርት ያጸዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሠርግና ለሐዘን ምግብ እየሠሩ ስማቸው ወጣ፤ አሁን ደግሞ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጠባብ ማድቤት ተከራይተው የሳምቡሳ ሥራ ሊከፍቱ ነው። ካርዷ ማጥፊያው አንገት ላይ የምትታሰር ናት፤ የመረመረው ሰው ስምና የፈቃድ ቁጥር ይጻፍባታል። ያለ እሷ በሩ አይከፈትም።

ማክሰኞ ጧት ናርዶስ ቫኗን ከኋላ በር ፓርክ አድርጋ ገባች። ሥራው በይፋ ባይከፈትም እማማ ባየሽ ከበጋው ጀምሮ ለቤተ ክርስቲያን እያሉ ሲጠብሱበት ቆይተዋል፤ ቤቱ በትኩስ ቃሪያና በአሮጌ ዘይት ታፍኗል። ማጥፊያውን ፈለገች፤ አጣችው። እማማ ባየሽ እየሳቁ ጠቆሟት። ከመጥበሻው አጠገብ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ነገር ሌላ ሰው ቢያየው የክርስትና ልብስ የለበሰ ሕፃን ይመስለው ነበር። ከአንገቱ እስከ ሥሩ የዳንቴል ቀሚስ ለብሷል፤ ወገቡ ላይ ሪባን፣ ደረቱ ላይ በቀይ ክር «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ጥልፍ፣ ከኋላ አምስት ቁልፎች። ራቁቱን የቆመ ዕቃ እማማ ባየሽ አይወዱም። አዲስ አበባ ሳሉ የጋዙን ሲሊንደር ያለብሱ ነበር፤ ሬዲዮውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የማቀዝቀዣውን እጀታ ሳይቀር ያለብሱ ነበር። ይህንንማ የተከበረ ስጦታ ስለሆነ አበልጠው ሠርተውለታል።

ዳንቴሉ ሲሠራ ነጭ ነበር። አሁን የጥርስ ዝቃጭ የመሰለ ቢጫ ሆኖ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ የዝንብ ክንፍና የሰው ጠጉር ተለጥፎበት ይንጠባጠብ ነበር። ናርዶስ ቁልፎቹን በጓንቷ ጫፍ ፈታችና ቀሚሱን ሳብ ስታደርገው ከብረቱ ላይ እየተንጨቀጨቀ ተላቀቀ፤ ክር ክር የሚል ዝቃጭ ተከተለው። ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ ማለት እንዲህ ነው። የመክፈቻው ቀለበት ራሱ በክር ተሰፍቶ ነበርና እሳት ቢነሣ እማማ ባየሽ መጀመሪያ መቀስ መፈለግ ነበረባቸው።

በዚያ ላይ ዓይነቱም የተሳሳተ ነበር፤ ቀዩ፣ ዱቄቱ። ናርዶስ ቀስ ብላ ነገረቻቸው፤ ለዚህ መጥበሻ እንደማይሆን፣ ብርማው እንደሚያስፈልግ፣ እሷ ራሷ ልታመጣላቸው እንደምትችል። እማማ ባየሽ ሰሟት፤ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ እጃቸውን ጠረጉና ነገሩ እንደማይሆን አስረዷት። ማጥፊያውን ያበረከተላቸው ወንድም ሉቃስ ነው፤ ማድቤቱ ሲጸለይበት ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ፣ ሌላው ብርድ ልብስ ሲያመጣ እኔ ሕይወት አመጣሁላችሁ ብሎ። ምርቃቱ ላይ መጥቶ ስጦታው ተነሥቶ ሌላ ተሰቅሎ ቢያይ ምን ይላል? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ያከበረው ሰው ሽማግሌውን መልሶ ያዋርዳል?

«ልጄ፣ ለሐሙስ ብቻ አንጠልጥዪልኝ» አሏት። «ሰዎቹ አይተው ይሂዱ። ከዚያ በኋላ ሉቃስን ሳላስቀይም ቀስ ብዬ እቀይረዋለሁ።»

ዓመት ከመንፈቅ ያኖሯት ሴት ናቸው፤ የለመኗት አንዲት ካርድ ናት። ይሉኝታ ያዛት። እስክሪብቶዋን ከኪሷ አወጣች፤ ካርዷ ላይ የሚሞላው ሲሊንደሩ የተሠራበት ዓመት ስለሆነ እሱን ለማየት ገለበጠችው። ሥሩ ላይ አውራ ጣቷ አንድ ነገር ነካ። ቀለሙ አዲስ ነው፤ ከቀለሙ ሥር ግን የተፋቀ ነገር አለ። ጓንቷን አወለቀችና በጥፍሯ ፈገፈገችው። ቀዩ ቀለም ጥፍሯ ውስጥ ገባ፤ ከሥሩ በብረት የተጫረ የመስቀለኛ ምልክትና አራት ቁጥር ወጣ። ቁጥሩ የራሷ የፈቃድ ቁጥር መጨረሻ ነበር፤ የጫረችውም እሷ ናት። የሞተ ነው ብላ ምልክት አድርጋ የጣለችው ማጥፊያ፣ ቀለም ተቀብቶና ቀሚስ ለብሶ እማማ ባየሽ ግድግዳ ላይ ጠበቃት።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ ነው። ሉቃስ ካፒቶል ሂል ያለ አንድ ሆቴል የጥገና ኃላፊ ነው፤ ናርዶስ በየዓመቱ እዚያ ሄዳ ትመረምራለች። በዚያን ቀን አሥራ አንድ ሲሊንደሮች ጣለች። ታቻቸው ዝጎ፣ ዱቄቱ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ አንዳንዱ ጎን ጎኑ ተጨርምቶ ነበር። የግፊት መለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ ቆሞ ጤነኛ ይመስላል፤ ሲጨምቁት ግን አየር ብቻ ነው የሚወጣው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የጣለችውን ወይ ጭና ትወስዳለች ወይ ዳግም እንዳይሠራበት እዚያው ትበሳዋለች። ሉቃስ ግን የምድር ቤቱ በር ላይ ቆሞ አላስወጣ አላት። ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ እጅ አለው፤ ሰላም ሲል የሰው እጅ ይይዝና ወሬው እስኪያልቅ አይለቅም። ሽቶው ጣፋጭ ነው፣ ከሥሩ ግን የበላው ነገር ይሸታል። ሴት ልጅ ይህን ሁሉ ብረት ስትሸከም አይቼ ዝም አልልም፣ የሆቴሉ ቆሻሻ መኪና ነገ ይመጣል፣ እኔ አስጥለዋለሁ፣ አንቺ ሂጂ አላት። አይሆንም ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ እጁን ጭኖ ጸልዮላታል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እጇን እንዲለቃት ፈለገች። እሺ አለች። ቅጹ ላይም «ተወግዷል» ብላ ፈረመች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ያቺ እሺ ሳትታወቃት ያመለጠች ናት።

ናርዶስ የተገለበጠ የዘይት ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። አሁን ያስጸየፋት የዳንቴሉ ነገር አልነበረም። ሲሊንደሩን ይዛ ከኋላ በር ወጣች፤ እማማ ባየሽ ምን ሆንሽ እያሉ ተከተሏት። ክሩን በጥሳ ቀለበቱን ነቀለችና ወደ ቆሻሻው ገንዳ አዙራ ጨመቀችው። ሲሊንደሩ እንደ አዛውንት ተነፈሰ፤ ከአፉ ላይ ቁንጣሪ ቢጫ ዱቄት ረገፈች። ሌላ ምንም አልወጣም።

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምልክቱን፣ ሆቴሉን፣ እሺ ማለቷን፣ የፈረመችውን ውሸት። እማማ ባየሽ ግድግዳውን ተደግፈው አዳመጧት። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ስንት ነበሩ? አሥራ አንድ አለቻቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አሥራ አንድ ቀሚስ ሠርቻለሁ» አሉ። «ራቁቱን አይሰጥም፣ አልብሽልኝ እያለ እየመጣ። የማን ቤት እንዳለ ሁሉንም አውቀዋለሁ።»

ቆጠሩላት። አንዱ አዲስ ተጋቢዎች ቤት ነው፣ ሳሎን ቡፌ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ እንግዳ ሲመጣ ይታያል። አንዱ ኦክስጅን የምትስብ አሮጊት ያለችበት ቤት። አንዱ ቤቷ ውስጥ ሕፃናት የምትጠብቅ እህት ዘንድ። ሌሎቹም እንዲሁ፤ ሰዉ ሁሉ ማጥፊያ አለኝ ብሎ ተማምኖ ሌላ አልገዛም። ናርዶስ ከሐምሌ ወዲህ እሑድም ትሠራ ስለነበር ስለ ስጦታው የሰማችው ነገር አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን ብትሄድ ኖሮ ሉቃስ ሲጨበጨብለት ታይ ነበር። ይህን ስታስብ ራሷን ልትተፋው ደረሰች። እሱ ቢያከፋፍልም የሰጠችው እሷ ናት።

እማማ ባየሽና ናርዶስ እዚያው በር ላይ ቆመው ተመካከሩ። ወንድም ሲበድል መጀመሪያ ለብቻው ይነገረዋል፤ ቃሉ እንደዚያ ይላል። እሑድ ሳይደርስ ናርዶስ ሄዳ እንድትነግረውና ራሱ ስጦታዎቹን እንዲሰበስብ ተስማሙ። የእማማ ባየሽን ጉዳይ ግን ናርዶስ በዚያው ዕለት ጨረሰችው። ብርማውን አምጥታ ሰቀለች፣ በእውነት መርምራ በእውነት ፈረመች። ሐሙስ የመጡት ሰዎች አይተው አለፉት፤ አሮጊቷም ልብስ ሊሠሩለት አልተነሡም።

ሉቃስን ረቡዕ ነው ያገኘችው፤ ሆቴሉ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለችው ጠባብ ቢሮው። አልደነገጠም። አላፈረም። ማስቲካውን እያላመጠ ወንበር ሰጣትና ይህ አገር ገና የሚሠራ ዕቃ እንደሚጥል፣ ብክነት ኃጢአት እንደሆነ፣ መርፌው አረንጓዴ ላይ ያለ ዕቃ ሞቷል እንደማይባል ተረከላት። ቀለሙን የቀባው በትርፍ ሰዓቱ፣ በገዛ እጁ ነው፤ ለወገን ብሎ። በዚያ ላይ ለሰው ደስታ ሰጥቷል፤ ሰው ማጥፊያውን ሲያይ ልቡ ያርፍለታል። እሷ ዱቄቱ ጠጥሯል ስትለው እሱ እግዚአብሔር ይጠብቃል አላት። ሁሉንም ሰብስብ፣ ካልሆነ እኔ እናገራለሁ ስትለው ደግሞ ማስቲካውን ወደ ሌላኛው ጉንጩ አዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወረቀቱ ተወግዷል ነው የሚለው፤ ያንቺ ፊርማ ነው ያለበት» አላት። «አንቺንም የሚጎዳ ነገር እኮ ነው እህቴ። ሶ፣ አብረን እንጸልይበት።»

እጇን ያዘ። ያንን እርጥብ እጅ እጇ ላይ ጭኖ ዓይኑን ጨፈነና ስለ አንድነት፣ ስለ ፍቅር፣ በወንድሞች መካከል ጠብ ስለሚዘራ ጠላት ረዥም ጸሎት ጸለየ። ናርዶስ ዓይኗን አልጨፈነችም። ማስቲካው በጸሎቱ መሀል መንጋጋው ሥር ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ የከንፈሩ ጥግ ላይ ነጭ ምራቅ ተሰብስቦ ቃሉ በወጣ ቁጥር ይሳባል። እጇን መንጠቅ ትችል ነበር። ጸሎት ላይ እጅ አይነጠቅም ብላ ጠበቀች፤ ሲጨርስም አሜን አለች። ወደ ሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ሮጣ ገብታ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች፤ አራተኛውን ጊዜ አፏን ታጠበችበት፤ አሜን ያለው አፏ ነበርና።

ሁለት ቀን ምንም አላደረገችም። እውነቱን ለመናገር ፈራች። ሥራዋ ፈቃዷ ነው፤ ፈቃዷ ፊርማዋ ነው፤ ፊርማዋ ውሸት መሆኑን ራሷ ከተናገረች የሚቀጥራት የለም፤ ባሏ ትምህርት ላይ ነው፣ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖባት ሰው ሰላም ባላት ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ምግብ አስጠላት። ሥራ ላይ በየማጥፊያው ሥር ጣቷን እያሳለፈች የራሷን ምልክት ስትፈልግ ትውል ነበር።

ዓርብ እማማ ባየሽ ደወሉ። የዋህ ሆነው አሥሩንም ቤት በስልክ ሞክረዋል፤ ማጥፊያው እንደማይሠራ ናርዶስ እንዳረጋገጠች፣ እንዲቀይሩት ነግረዋል። አንድም ያመናቸው አልነበረም። የወንድም ሉቃስ ስጦታ ነው፣ ተጸልዮበታል አሉ። አንዷ ደግሞ ነገሩ ገብቷታል፤ ናርዶስ ማጥፊያ እየሸጠች የምትኖር ስለሆነች ገበያዋ ተዘግቶባት ቀንታ ነው አለች። ሕፃናት የምትጠብቀው እህት ነበረች ይህን ያለችው። ናርዶስ ስልኩን ስትዘጋ ፍርሃቱ ከላይዋ እንደሄደ አወቀች፤ የቀረው መጸየፉ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ይዞ መኖር አይቻልም። ቅዳሜ ጧት አለቃዋ ዘንድ ደውላ የሐምሌውን ቅጽ ነገረችው። ፈረንጁም ሰኞ የቫኗን ቁልፍ ይዘሽ ነዪ አላት።

እሑድ የምስክርነት ሰዓት አለ። ከመዝሙሩ በኋላ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር የሚል ሁሉ ወጥቶ ማይክ ይይዛል፤ አንዱ ከካንሰር እንደዳነ፣ አንዷ ግሪን ካርዷ እንደመጣላት ይናገራል። ጉባኤው በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ አሜን ይላል፤ ለምዶበት ነው። ናርዶስ ተራዋን ጠብቃ ወጣች። ሉቃስ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«በሐምሌ ወር አሥራ አንድ እሳት ማጥፊያ የሞተ ነው ብዬ ጣልኩ» አለች።

ጉባኤው አሜን አለ።

ደንቡ እንድበሳቸው ያዛል፣ እኔ ግን ሰው አፍሬ ተውኳቸው፣ ተወግደዋል ብዬም በውሸት ፈረምኩ አለች። አሜን አሉ፤ ከኋላ አንዲት እናት ሃሌሉያ ጨመሩ። እነዚያ ማጥፊያዎች ዛሬ እናንተ ማድቤት ውስጥ ናቸው፣ ልብስ ለብሰዋል፣ ብትጨምቋቸው አየር ነው የሚወጣው፣ ልጆቻችሁ አጠገባቸው ያበስላሉ አለች። አሜን የሚለው ድምፅ ሳሳ፤ የተወሰነው ሰው ግን አሁንም ከልማዱ አለው። ናርዶስ ያን ስትሰማ ከነነፍሷ አንገሸገሻት። ሰው ሞቱን ሲነግሩት አሜን ይላል? ማይኩን አፏ ላይ አስጠግታ የአሥሩን ቤት ባለቤቶች ስም አንድ በአንድ ጠራች።

አሥረኛው ላይ ስትደርስ ሉቃስ ተነሣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። መድረኩ ላይ ወጥቶ ሰው ሁሉ እያየ አቀፋት፤ ጣፋጩ ሽቶ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ፤ እርጥቡ እጅ ጀርባዋ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ማይኩን ከእጇ ቀስ አድርጎ ወሰደው።

«እህታችን ጥፋቷን በድፍረት ተናዝዛለች» አለ። «እኔ በየዋህነት አመንኳት፤ ጥሩ ናቸው ብዬ ለወገኖቼ ሰጠሁ። ቢሆንም ይቅር ብዬሻለሁ። እናንተም ይቅር በሏት።»

ጉባኤው አጨበጨበ። እናቶች አነቡ። ናርዶስ ክንዱ ሥር እንደተያዘች ቆማ ቀረች፤ ብትገፋው ይቅርታን የገፋች ልትሆን ነው፤ ብትናገር ማይኩ እሱ ዘንድ ነው። እጁ ከሸሚዟ አልፎ ቆዳዋን የነካት መሰላት። አውቃ በገዛ እጇ የሰጠችውን ሥራ፣ ስም፣ እንጀራ ሁሉ ወስዶ በላዩ ላይ ይቅር ባይ ሆኖ ቆሟል፤ አሥሩም ማጥፊያ በዚሁ ጭብጨባ መሀል እየተመረቀ ባለበት ሊቀር ነው።

እማማ ባየሽ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሡ። ማይክ አልጠየቁም፤ ለሠርግ ድንኳን ሲያዙበት የኖሩት ድምፅ ነበራቸው።

«ሉቃስ፣ ልጠይቅህ» አሉ። ጭብጨባው ቆመ። «ባለፈው ወር የልጅህ ቀለበት ጊዜ ቤትህ መጥቼ ወጥ ሠርቻለሁ። ምድጃህ አጠገብ አንድ አዲስ ማጥፊያ ተሰቅሎ አየሁ፤ ካርዱ ያለበት፣ የሚያብለጨልጭ። ይሄስ ራቁቱን ነው፣ ልብስ ልሥራለት ወይ አልኩህ። ምን እንዳልከኝ ለሰዉ ንገር።»

ሉቃስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ማይኩ ክፍት ስለነበር ምራቁን ሲውጥ ቤቱ ሁሉ ሰማው።

«እሱ አይናገርም» አሉ እማማ ባየሽ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «አይ እማማ፣ ይኼኛው ለሥራ ነው አለኝ።»

ሉቃስ ክንዱን ከናርዶስ ትከሻ ላይ አነሣ። ከኋላ ረድፍ፣ ስማቸው ከተጠራው አንዱ፣ ዮዳሄ የሚባለው የኤርፖርት ሹፌር ኮቱን ሳይዝ ተነሥቶ ወደ በሩ አመራ፤ ቤቱ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ቡሪየን ነው፤ ሁለቱ ልጆቹ ዛሬ አንመጣም ብለው ቤት ቀርተዋል። ሚስቱ ኤልሳቤጥ ወንበሮቹን እየገፋች ተከተለችው፤ ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነበር። ምድጃውን አጥፊው፣ አሁኑኑ አጥፊው ትላለች፤ ከወዲያ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ለምን እያለች ትጠይቃታለች።